የአያ ፈንታሁን ሰሌን

ድሬዳዋ ተመልሼ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ጎረቤቶቼ ከበቡኝ። «የት ጠፍተሽ ነው?» «ጎጃም፤ ተዝካር ነበረብን።» «ውይ! ማን ሞቶ?» «ኧረ ማንም አልሞተም።» ተያዩ። ይቺ ልጅ ብርድ ነክቷት ነው ሳይሉ አልቀሩም። ነገሩን ላስረዳቸው ብጀምር አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ተቆራረጠብኝ፤ ስለዚህ አርፌ ልጻፈው አልኩ።

የባለቤቴ የአንዳርጌ አባት አያ ፈንታሁን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ነሐሴ ላይ ሽንታቸው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ዝናቡ እየወረደ በቃሬዛ ወደ ከተማ አወጧቸው፤ ቱቦ ገባላቸው፣ ትኩሳቱም አንቀጠቀጣቸው። በዚያው ደማቸው ተቀድቶ ብዙ ነገር ሲመረመር አንዱ ፒኤስኤ የሚሉት የፕሮስቴት ምርመራ ነበር፤ ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ሐኪሙ «ከፍ ብሏል፤ ሲሻልዎ ተመልሰው ይምጡ» ነበር ያለው አሉ። አብሯቸው የሄደው የወንድማቸው ልጅ ግን ስልኩን አውጥቶ ጎረጎረና «ካንሰር ነው የሚለው» አለ። በቃ፣ አለቀ። አያ ፈንታሁን የታዘዘላቸውን መድኃኒት ውጠው ጨረሱ፣ ቱቦው ወጣ፣ ትኩሳቱም ለቀቃቸው፤ ተመልሶ መመርመርን ግን «ከእንግዲህ ደሜን አትቅዱብኝ» ብለው እምቢ አሉ። ኅዳር ሊገባ ሲል ደወሉልን። የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው።

የቁም ተዝካር ማለት ሰው በሕይወቱ ሳለ፣ በዓይኑ እያየ፣ ለነፍሱ የሚደግሰው ድግስ ነው። እኔ የድሬ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኛ ቤት ስለ ሞት የሚያወራ ሰው «አቦ ተወና!» ተብሎ በሳቅ ይባረራል። ፊት ለፊታችን ለሚኖረው ሐኪም ስነግረው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ቱቦ ገብቶ፣ ኢንፌክሽን ኖሮ የተወሰደ ከሆነ ያ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። አሁን ነገሩ በርዷል፤ ይድገሙት» አለኝ። ስለዚህ የሄድነው ለድግሱ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌውን አባብለን ደማቸውን ለማስቀዳት ነው።

ሐሙስ

በአዲስ አበባ በኩል በርረን ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ወረድን፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቡሬ። አንዳርጌ መንገዱን ሲጠያይቅ «ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገን እንጃ» ነበር ያሉት፤ እኛም ነገን ሳንጠብቅ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ጠዋት በርበሬ ጭኖ መጥቶ ኖሮ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ገና መርዓዊን ሳናልፍ አንዲት ሴትዮ አስነጠሱ፣ ቀጥዬ እኔ፣ ከዚያ መኪናው በሙሉ። «ይማርሽ!» «ያኑርዎ!» ስንባባል ሳንተዋወቅ ተመራርቀን ጨረስን።

ዱርቤቴ ላይ የገበያ ቀን ነበርና ሁለት በግ ጣሪያ ላይ ተጫነ። ድሬ ፍየሏ በአስፋልቱ መሐል እንደ ባለሥልጣን ስትንጎማለል ነው የማውቀው፤ እዚህ በጎቹ ከላያችን ሆነው ሲረግጡን ዋሉ። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፣ ተሳፈርን፣ ደግሞ ወረድን። ቲሊሊ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ገባ። አንዲት ድንች ሻጭ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አየችና «ነይ እጅሽን እዚህ ላይ» ብላ ቅቅሉ ካለበት ድስት ጎን አስጠጋችኝ። ድሬ ላይ ሙቀት የምንሸሸው እንጂ የምንለምነው ነገር አይደለም። ድንቹን በዳጣ አጣቅሼ ስበላ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ የዳጣው ይሁን የደግነቷ አልለየሁትም።

ቡሬ ያደርንበት መኝታ ቤት ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። እኔ እንደ አገሬ «እናቴ፣ አንቺ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ» አልኳቸው። አንዳርጌ ቆነጠጠኝ። ድሬ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው፤ ፍቅራችን ነው። እዚህ ግን ትልቅን ሰው አንቺ ማለት በጥፊ እንደ መምታት ነው። ሴትዮዋ ሳቁና «ተዋት፣ አገሯ ነው» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። በዚህ ጽሑፍ ትልልቆቹን ሁሉ አንቱ የምለው አንዳርጌ ስለሚያነበው ነው።

ዓርብ

ከቡሬ በባጃጅ ተነሣን። ባጃጅ ስገባ ድሬ የገባሁ መሰለኝ፤ ግን የእኛ ባጃጅ ጅረት አያቋርጥም። ውኃው መሐል ሞተሩ ጠፋና ጫማችንን አውልቀን ገፋን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ወርቅ መስሏል፤ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ደጁ ሁሉ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ ከአሸዋና ከቁልቋል ሌላ አይቶ ያደገ አይደለምና ምን ላድርግ! አንዳርጌ «ነይ እንጂ፣ በርበሬ አይተሽ አታውቂም?» እያለ ይስቅብኛል።

ግቢው ጋ ስንደርስ ውሻው ሊበላኝ ደረሰ። ሌላ ማንንም ሳያይ እኔን ብቻ። አያ ፈንታሁን ከመደቡ ተነሥተው «ዝም በል አንተ! ምራታችን ናት!» አሉት። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ትንሽ የከሱ ሰው ናቸው። ስገባ ቤቱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣልኝ። ማን መሆኔ ነው? ድሬ እንግዳ ሲመጣ ተቀምጠን «ና ግባ» ነው የምንል። «በእግዜር» ማለት እንዳለብኝ ረስቼ «ኧረ ቁጭ በሉ!» አልኩ።

ጾም ስለሆነ የሽሮ ወጥ በዳጉሳ እንጀራ ቀረበ። ያየሁት ነገር ገረመኝ፤ አማቴ እቴቴ ይታክቱ ሲያጎርሱኝ «በሞቴ» አይሉም። አንዳርጌ ሁልጊዜ ስለ እናቱ የሚያወራው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሰው እስኪፈነዳ ማብላታቸውን ነው። አሁን ግን ያቺ ቃል ከቤቱ ወጥታለች። «በሞቴ ብይ ልጄ» ያሉኝ ራሳቸው አያ ፈንታሁን ብቻ ነበሩ፤ ሲሉት ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ መጣብኝ። ድሬ በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሰሌን ዘርግቶ ይጋደማል። ጓዳው በር ጎን አዲስ ጥቅል ሰሌን ቆሟል፤ ጥሩ ጥብቅ ብሎ የተሠራ። ይዤው ወጣሁና ከዋንዛው ሥር ዘርግቼ ተዘረጋሁ።

የነቃሁት በጩኸት ነው። «በስመ አብ!» እቴቴ ይታክቱ የያዙት ጣሳ ከእጃቸው ወድቋል፣ የጎረቤት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። አንዳርጌ ጆሮዬ ሥር «ተነሺ! አባዬ የሚቀበሩበት ሰሌን ነው!» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ለእኛ ሰሌን መቀመጫ ነው፤ እዚህ ሬሳ የሚጠቀለልበት ነው። መሄጃ አጥቼ እዚያው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

አያ ፈንታሁን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። አዩኝ። ጎንበስ አሉና «እንዴት ነው ልጄ፣ ይመቻል?» አሉኝ።

«ይመቻል፤ ትንሽ ይኮሰኩሳል» አልኩ፤ ምላሴ ቀድሞኝ።

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዋንዛውን ይዘው ሳቁ። «እኔን ቀድማ ሞከረችልኝ! አይ የድሬዋ!» እቴቴ ይታክቱ አለቀሱ፤ ከነሐሴ ወዲህ ሲስቁ አላዩዋቸውም ኖሯል። እኔም ይቺን ሰዓት ካለፈች አላገኛትም ብዬ እግራቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«እንግዳ ጠይቆ በዚህ ቤት አላፈረም።»

«ደምህን አንድ ጊዜ ስጠኝ። ፍኖተ ሰላም እንሂድና ይታይልህ።»

ሳቁ ጠፋ። «አይደለም ቢሉኝስ?» አሉ። ሞቱን ሳይሆን መዳኑን እንደፈሩ ያኔ ነው የገባኝ። «አገሩን ሁሉ ተሰናብቻለሁ። ነገ ሰው ሊያለቅስልኝ ይመጣል። ቆሜ ብገኝ በምን ዓይኔ ነው ሰው የማይ? በእንባችን ተጫወተ አይሉኝም?»

«ይበሉሃ! ቆመህ ይበሉህ!»

አንዳርጌ «አንተ» ማለቴን ሰምቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። እሳቸው ግን ሰሌኑን እየጠቀለሉ «ሰኞ» አሉ። «ተዝካሩ ይለፍና ሰኞ።»

ቅዳሜ

ዳሱ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ሰው ጋን ተሸክሞ፣ እንጀራ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲገባ አያ ፈንታሁንን ጉልበት ይስማል፣ እሳቸውም «ይፍቱኝ፣ በድዬ እንደሆን» ይሉታል፤ ለልጅም ለሽማግሌም እኩል። የድሬ ሠርግም ይሞላል፣ ይጨፈራል፤ ግን ሰው ራሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለራሱ ሐዘን እንግዳ ሲቀበል ማየት ሌላ ነው።

ድግሱ ሊባረክ ሲል የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ቆም አሉና «ፈንታሁን፣ የቀረ የለም?» አሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው መሰለኝ ዓይኑን ወደ ማሳው አዞረ። አንዳርጌ በሹክሹክታ ነገረኝ። ጎረቤታቸው አያ ጥሩነህ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ሚዜያቸው ነበሩ። ከዚያ በርበሬ በሚዘሩበት ማሳ ወሰን ላይ «ድንጋዩን ገፋህ፣ አልገፋሁም» ተባብለው ተጣሉ። አንዳርጌ ትምህርት ቤት ሳይገባ የተጀመረ ኩርፊያ ነው፤ እስከ ዛሬ በአንድ ምንጭ እየጠጡ እግዜር ይስጥልኝ አይባባሉም።

አያ ፈንታሁን ተነሡ። ከዳሱ ወጡ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሡና ማጅራታቸው ላይ አደረጉት። ይቅር በለኝ የሚል ሰው በዚህ አገር እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ድንጋይ ተሸክሞ። ልደግፋቸው ብነሣ እቴቴ ይታክቱ ያዙኝ። «ተይው፤ የእሱ ሸክም ነው።» ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በማሳው መሐል ሄዱ፤ እኛ ቆመን እናያለን። ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሱም። ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሲመጡ አየን። እሳቸውም ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ይዘዋል፤ አፈር ያለበት፣ ገና የተነቀለ። ከአጠገቤ ያሉት ሴት «ወይኔ ወሰኑን! ጥሩነህ ወሰኑን ነቅሎ መጣ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ማሳው መሐል ተገናኙ። ማን መጀመሪያ እንደተንበረከከ አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ዳሱ በሙሉ እልል አለ። እኔ ባሕር አይቻለሁ፣ ምድር በሙቀት ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም፣ ዳግመኛም የማይ አይመስለኝም። ተቃቅፈው መጥተው በአንድ ትሪ በሉ፤ የወሰኑ ድንጋይ በዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀመጠ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አያ ፈንታሁን ቤተ ክርስቲያኑን የከበበውን ደን አሳዩኝ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ሰማይ ነው የሚይዘው፤ ውስጡ ሲገቡ ድምፅ ራሱ ዝቅ ይላል። አንድ ጽድ ሥር ቆሙና በከዘራቸው መሬቱን ነካ አድርገው «እዚህ ነው» አሉኝ። እኔ ለእንግዳ መኝታ ቤቱን ሳሳይ እንዲያ ነው የምናገር። «አትፈራም?» አልኳቸው። «ከጥሩነህ ጋር ሳልታረቅ ነበር የምፈራ። አሁን ምን ቀረኝ?»

ከሰዓት በኋላ ለአንዳርጌ የከነከነኝን አወጣሁት። «ያስታረቃቸው እኮ ያ ቁጥር ነው። ነገ ቁጥሩ ውሸት ሆኖ ቢገኝ ዕርቁስ?» እሱም ይህንኑ ሲያስብ ውሎ ኖሯል። እንዲድኑ የምመኘውን ያህል መዳናቸውን መፍራት ጀመርኩ።

ሰኞ

አያ ጥሩነህ «እሱ ሄዶ እኔ ልቀር?» ብለው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቡሬ ሚኒባስ ላይ አብረውን ወጡ። ማንኩሳን አልፈን ፍኖተ ሰላም ገባን። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና ጋሪው ይጋፋል፤ ጋሪ ካልሆነ አልሄድም አልኩና ሽማግሌዎቹን አስፈገግኳቸው።

የተቀበለን ሐኪም ለጋ ወጣት ነው፤ ግን ተነሥቶ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። የነሐሴውን ነገር ሁሉ ጠየቀ፣ መረመራቸው፣ አልትራሳውንድ አየላቸው፣ ደም አስቀዳ። ከዚያ እንዲህ አላቸው፦ «ይኼ ምርመራ የሚለካውን ነገር ካንሰር ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ጤነኛ እጢም ያመነጨዋል። እጢው ሲያብጥ፣ ሲመረቅዝ፣ ቱቦ ሲገባ በጣም ይጨምራል። ከፍ ማለቱ ‹ተመልከቱ› ማለት ነው እንጂ ‹ካንሰር ነው› ማለት አይደለም።»

አያ ፈንታሁን አሰቡና ወደኔ ዞሩ። «ያ ውሻዬ በእሷ ላይ እንደጮኸው ነዋ! ሌባ መስላው።»

«ልክ ነዎት አባቴ» አለ ሐኪሙ። «ውሻው መጮኹ ጥሩ ነው። ግን ማን እንደመጣ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል።»

ውጤቱ ለነገ ነው። ማረፊያው ሞልቶ ለሽማግሌዎቹ አንድ አልጋ ብቻ ተረፈ፤ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ሆነው ተኙ። የወሰን ጠላቶች!

ማክሰኞ

ጠዋት «ያንኮራፋል» «እሱ ነው የሚያንኮራፋ» እየተባባሉ ወጡ። ውጤቱን ስንጠብቅ እቴቴ ይታክቱ ደጋግመው ይደውላሉ፣ አንዳርጌ ጥፍሩን ይበላል። አያ ጥሩነህ ዳዊታቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙ ጠራን።

«ወርዷል» አለ። «ለዕድሜዎና ለእጢዎ መጠን የሚጠበቀው ነው። የነሐሴው የኢንፌክሽኑና የቱቦው ነበር። የካንሰር ምልክት አላየሁብዎትም። በፍጹም የለም ብዬ አልምልም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ይምጡና እናየዋለን።»

እኔ እልል አልኩ፤ ነርሷ «ኧረ ቀስ በይ!» አለችኝ። አንዳርጌ አባቱን አቅፎ ተንሰቀሰቀ። አያ ፈንታሁን ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። «እና አሁን ምን ላድርግ?» አሉ።

«ይኑሩ እንጂ!»

«መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር።»

አያ ጥሩነህ ዳዊታቸውን አጠፉ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም እስከ ቤት ቃል አልወጣቸውም። መስኮቱን ያያሉ። መጣ የፈራሁት፣ አልኩ በልቤ።

ረቡዕ

ሻንጣችንን ይዘን ደጅ ስንወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አያ ፈንታሁን ሰሌኑን ግቢው መሐል ዘርግተው በርበሬ እያሰጡበት ነው። እቴቴ ይታክቱ ጠዋት «በሞቴ ብሉ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሆዳችንን ሊያፈነዱት ነበር፤ አሁንም ቆሎ በፌስታል እያስታቀፉኝ ነው። ያን ጊዜ አያ ጥሩነህ በአጥሩ በኩል ገቡ። ቀጥታ ወደ ዳሱ ሄደው የወሰኑን ድንጋይ ከምሰሶው ሥር አነሡና ታቅፈው መጡ።

«ፈንታሁን» አሉ።

«አቤት።»

«አልሞትህም።»

«አልሞትሁም።»

«እኔ ይኼን የነቀልሁ ለሚሞት ሰው ነበር።»

እቴቴ ይታክቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዳርጌ ሻንጣውን አስቀመጠ።

«አዎ» አሉ አያ ፈንታሁን፤ እጃቸው በርበሬው ላይ ነው።

«ታዲያ ለሚኖር ሰው ምን ላድርገው?»

አያ ፈንታሁን ቀና ብለው አዩዋቸው። ነፋስ ተነሥቶ የሰሌኑን ጫፍ ገለበጠ፤ ጥቂት በርበሬ ተንከባለለ።

«ከዚህ ጫፍ ላይ ጣልልኝ» አሉ። «ነፋሱ አላሰጣ አለኝ።»

አያ ጥሩነህ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን የሰሌኑ ጫፍ ላይ አስቀመጡ፤ ጠበቅ አድርገው፣ እንደሚተክሉት ሁሉ። ከዚያ በአጥሩ በኩል ወጡ። ሊሄዱ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ። ተመልሰው መጡ። ከቤታቸው የራሳቸውን በርበሬ በእንቅብ ሞልተው ተሸክመው ነበር፤ ሰሌኑ ላይ ገለበጡትና ከወዳጃቸው ጎን ቁጢጥ ብለው በእጃቸው ይበትኑት ጀመር።

ዳገቱ ላይ ወጥቼ ዞር ብዬ አየሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም ሰሌኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። የማን በርበሬ የት ላይ እንደሚያበቃ ከቆምኩበት ሆኜ መለየት አልቻልኩም።